ያላነበብኳቸው የጠዋት ንባቦች

ውድ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ በወረቀት፣ ያውም ፊደሉን እንደ አንደኛ ክፍል ደብተር አሳድጌ የጻፍኩልህ አእምሮዬን ስቼ አይደለም። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ። አንተ መቼም የተጻፈ ነገር ጀምረህ አታቋርጥም፤ ኪኒን እንኳ የምትውጠው ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አንብበህ ከጨረስክ በኋላ ነው። ብትቆጣም እስከ መጨረሻው እንደምትዘልቅ አምኜ ጀመርኩ።

የምናዘዘው አንድ ነገር ነው። አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የላክህልንን ንባብ አላነበብኩም። ምናልባት ሦስት ወይም አራት አንብቤያለሁ፤ ስለ ጥርስ የነበሩትን።

ጡረታ በወጣህ ማግስት «የጠዋት ንባብ» ብለህ ቡድኑን ስልክ ላይ ስትከፍት እኔና ባለቤቴ፣ አውቶቡስ ነጂው ወንድማችንና አክስታችን ሳንጠየቅ ተማሪ ሆነን ተገኘን። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሊፍት ስትጠግን የኖርክ ሰው አሁን እኛን ወደ ላይ ልታወጣ ተነሳህ። በቀን ሦስት ጽሑፍ ነበር፤ አንዱ ስለ ቴክኖሎጂ፣ አንዱ ስለ ባህል፣ አንዱ ስለ ሰሞኑ ጉዳይ። ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ የራስህን አንድ መስመር ትጨምርበታለህ። ያቺን መስመር ሁልጊዜ አነብ ነበር፣ ይህን እመነኝ። ስለ ሹፌር አልባ መኪና የላክኸው ጽሑፍ ሥር «ሊፍት ያለ ሹፌር መሄድ ከጀመረ ስንት ዘመኑ፤ ማንም አላጨበጨበለትም» ያልከውን ሰው ሠራሽ ጥርስ የምሠራበት ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ጽሑፉን ራሱን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። እኔ ብቻም አይደለሁ፤ ሁላችንም የየራሳችን ዘዴ ነበረን። ነጂው ወንድማችን መብራት ሲይዘው በጅምላ ሦስት ጭብጨባ ይልክና ይነዳል። ባለቤቴ ርዕሱን ብቻ ይዞ ፀጉር ቤቱ ይሄድና ደንበኛ እያስተካከለ ቀሪውን ከራሱ ይጨምርበታል፤ ንብ መቁጠር ትችላለች የሚለውን ርዕስ ወስዶ በሳምንቱ የሠፈሩን ሰው ሁሉ ንቦች ትምህርት ቤት ተከፍቶላቸዋል አሰኝቶታል። አክስታችን ደግሞ የሽማግሌ ፎቶ ካየች «ነፍስ ይማር» ትጽፋለች። አንድ ሳይንቲስት በእሷ ሁለቴ ሞቷል፤ ሁለተኛውን የሞተው ሽልማት በተቀበለ ዕለት ነው።

የእኔ ዘዴ ከሁሉም የረቀቀ መስሎኝ ነበር። ርዕሱን አያለሁ፣ በጣቴ እየገፋሁ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ ከመጨረሻው አንድ ቃል አነሳና አስተያየት እሠራበታለሁ። ስለሚቀልጡት የበረዶ ተራሮች የላክህ ጊዜ ታስታውሳለህ? «መጨረሻው ላይ ስለ ጫማ ያነሳው ነጥብ ልቤን ነክቶታል» ብዬ ጻፍኩልህ። ለካ ከጽሑፉ ሥር የጫማ ማስታወቂያ ኖሯል። አንተም ከአንድ ሰዓት በኋላ «እኔ ጫማው ጋ አልደረስኩም፤ ድጋሚ አነበዋለሁ» ብለህ መለስክልኝ። ያን ቀን ከባለቤቴ ጋር ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ዛሬ ግን ያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ፣ በዚያ ዓይንህ፣ የሌለ ጫማ ስትፈልግ ይታየኛል። ይህ ከታየኝ ወዲህ በዚህ ነገር መሳቅ አልቻልኩም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአንድ ጡረተኛ ዳኛ የመንጋጋ ቅርጽ ላይ ጀሶ እያፈሰስኩ ነበር። ጀሶ ሰው አይጠብቅም፤ ዘወር ካልክ ይደርቅብሃል። ስልኬ ጮኸ። በሦስት ፋንታ አንድ ብቻ ልከህ፣ ከሥሩ «ይህ ለአንቺ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢው» ብለሃል። አንድ ጣቴን ሽርጤ ላይ ጠርጌ፣ ሳልከፍተው፣ «ጋሼ እጅግ አስተማሪ ነው፤ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እንዲህ ያለውን አዘውትረህ ላክልን» አልኩ። ነጂው አጨበጨበ። ባለቤቴ «ለደንበኞቼም ነገርኳቸው» አለ። አክስታችን ምን እንዳለች መንገር አያስፈልገኝም።

አንተም «ጥሩ። እንግዲያው እስከ ሐሙስ» ብለህ ጻፍክ። እኔ ክፋቴን ተመልከት፤ ከእንግዲህ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ልትልክልን የወሰንክ መሰለኝና ተመስገን አልኩ።

ሐሙስ ምንም አልመጣም። ዓርብም። የመጀመሪያውን ሳምንት፣ አልዋሽህም፣ እንደ ትምህርት ቤት እረፍት ነው ያሳለፍኩት። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጀሶው እስኪደርቅ ስጠብቅ እጄ ራሱ ወደ ስልኩ ይሄድ ጀመር። ባለቤቴ ደንበኞቹ «የዛሬውስ?» ሲሉት ስለሚያስነጥስ ዓሣ ፈጠረላቸው። አክስታችን ደውላ «ወንድምሽ ምን ሆነ? የማዝንለት ሰው አጣሁ እኮ» አለችኝ። ነጂው «አንቺ ጠይቂው» አለኝ፣ እኔ «አንተ ትልቁ ነህ» አልኩት። እንዲህ ስንገፋፋ ከረምን። እንዲያው ከዝምታ ይሻላል ብዬ፣ ለመጨረሻው ጽሑፍህ ሌላ የሙገሳ ቃል ላዋጣለት ስል ከፈትኩት።

ጽሑፍ አልነበረም። የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ ነበር። የሁለቱም ዓይን ሞራ ይላል። ቀኝ ዓይን፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት። አስታማሚ ይዞ ያልመጣ ታካሚ አይስተናገድም ይላል። ዝቅ ብሎ፣ አስታማሚ በሚለው ፊት ለፊት የእኔ ስምና የእኔ ስልክ ቁጥር። ዝምድና፦ ታናሽ እህት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጀሶው በእጄ ላይ ደረቀ።

ጋሼ፣ አንተ አፍ አውጥቶ መለመን አልፈጠረብህም። ውኃ ሲጠማህ እንኳ «ዛሬ ሙቀቱ በርትቷል» ብለህ ነው የምትቀመጠው፤ የገባው ያመጣልሃል፣ ያልገባው ስለ አየሩ ያወራሃል። ይህን ጠባይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሬ የላክኸውን ሁሉ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ማንበብ ያዝኩ፤ ይኸው እስካሁን አልጨረስኩም። ዳኛው ጥርሳቸውን ሊለኩ መጥተው «ልጄ፣ አንድ ተርፎኛል መሰል» አሉኝ። ስቆጥረው እውነትም አንድ ተርፏቸዋል። የተረፈው ባሕር ውስጥ ስላለችው ባለ ሦስት ልብ እንስሳ በማነብበት ሰዓት የተተከለው ነው። አንዱን ልብ ብታበድረኝ ብዬ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ካለፈው ዓመት ወዲህ የላክሃቸውን ሳነብ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ዋሻ ውስጥ ስለሚኖሩት ዓይን የሌላቸው ዓሦች ልከህ ከሥሩ «እነዚህስ ለምደውታል» ብለሃል፤ የእኔ መልስ «ውይ ሲያምሩ» ነው። መጽሐፍ ጮክ ብሎ ስለሚያነብ መሣሪያ ልከህ «ጆሮ ሥራ ሊበዛበት ነው» ብለሃል፤ እኔ «ቴክኖሎጂ የት ደረሰ» ብያለሁ። በየሀገሩ ያሉ ሽማግሌዎች ሐኪም ቤት ከማን ጋር እንደሚሄዱ የሚናገረውን ስትልክ ደግሞ ምንም መስመር አልጨመርክበትም። እኔም አውራ ጣት ላኩልህ። አንድ ዓመት ሙሉ በሬን ስታንኳኳ ኖረሃል፤ እኔ ከውስጥ ሆኜ «ግሩም አንኳኳህ» እያልኩ ሳሞግስህ።

ልደውልልህ ስልኩን ሦስቴ አንስቼ ሦስቴ አስቀመጥኩት። ምን ልበልህ? እውነቱን ለማወቅ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። መዝጋቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ቁጣ የለመደባት ሴት ናት። ስምህን ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንቺ ነሽ እህትየዋ?»

«እኔ ነኝ።»

«እዚያ ወንበር ላይ ነበሩ» አለችኝ ኮሪደሩን እያሳየችኝ። «ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ተራቸው ሲደርስ አስታማሚስ አልናቸው። ‹ትመጣለች፣ አንብባዋለች› አሉን። ለሌላ ሰው ደውሉ ብንላቸው እምቢ አሉ። ‹እሷ አንብባዋለች፣ መንገድ ይዟት ነው› እያሉ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጡ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተነሱ። ሌላ ቀን ልስጥዎት ስላቸው ‹ሰው ሳገኝ እመለሳለሁ› ብለው ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።»

ጋሼ፣ በሕይወቴ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ ጥርሱ አልገጥም ያለው ሰው እንዴት እንደሚቆጣ አታውቅም። እንደዚያች ሴት ንግግር ግን ያቆሰለኝ የለም። እዚያው አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በኋላ ራሷ ውኃ አመጣችልኝና «በይ አሁን ልቅሶው ዓይን አያድንም፤ የፊታችን ማክሰኞ አንድ ቦታ ተለቅቋል። እሱ ካመለጣቸው ቀጣዩ ተራ ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ እስከዚያ ማንበቡ ይቀርባቸዋል ብሏል» አለችኝ።

ያዥልኝ አልኳት። ቅጹን አወጣች። ስሜ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ መስመር ተሰርዞበታል፤ የሰረዝከው አንተ ሁን እሷ፣ አልጠየቅኩም። ከሥሩ እንደገና ጻፍኩት። ዝምድና የሚለውንም ታናሽ እህት ብዬ ሞላሁት፣ ያንን እንኳ ልትሰርዘው አትችልም።

ማክሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በርህ ላይ ነኝ። ነጂው ወንድማችን ፈቃድ ወስዷል፤ በአውቶቡስ ሳይሆን በሰው መኪና ነው የሚመጣው፣ አትፍራ። ብትቆጣ ተቆጣ፤ ተቆጥተህም ቢሆን ጫማህን አድርግ። በሩን ብትቆልፍብኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከላክሃቸው ውስጥ አንዱን ጎረቤት ሁሉ እስኪወጣ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የበረዶ ተራሮቹን መርጫለሁ፣ ርዝመቱን ታውቀዋለህ። ዓይንህ ታሽጎ በሚቆይባቸው ቀናት እኔ ዘንድ ትሰነብታለህ፤ ጠዋት ጠዋት ሦስት ሦስት አነብልሃለሁ፣ አንተ ደግሞ መስመርህን በቃልህ ትናገራለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። አክስታችን እንዳትጽፍ ስልኳን ከወዲሁ ወስደንባታል።

ይቅርታህን አሁን አልለምንህም፤ ፊቴን አይተህ ስትቆጣኝ እለምንሃለሁ። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር እንድታውቅልኝ ነው። ለዚያች መዝጋቢ ሰው ሳገኝ እመለሳለሁ ብለሃታል።

ጋሼ፣ ሰው አለህ።

ማክሰኞ ማለዳ በርህን የምታንኳኳው፣
ታናሽ እህትህ