የአስካለ እግርና የታተመው መለኪያ

ማክሰኞ

በአንድ ሌሊት ይህን ያህል አይወርድም። ትናንት ሰባት ነጥብ ስምንት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። አስካለ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ባለቤቴ ስኳር ካለባት ቆይቷል፤ ግራ እግሯ ላይ የወጣው ቁስል ግን ከክረምት ወዲህ አልድን አለ። ዶክተር ሜሮን ለሙከራ የሰጠችን መለኪያ እንደ ፕላስተር የሚተጣጠፍ ስስ ላስቲክ ነው፤ የብር ቀለም መስመሮች ታትመውበታል። ከፋሻው ሥር ይለጠፍና የቁስሉን አሲድነት በስልኬ ያሳየኛል፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። ከሰባት ካለፈ ቁስሉ አመርቅዟል፤ ወደ አምስት ከተጠጋ እየዳነ ነው። ዓርብ ሐኪሞቹ ይወስናሉ፦ ወይ ቤቷ ሆና መታከሟን ትቀጥላለች፣ ወይ እግሯ ይቆረጣል።

ኬሚስትሪ ሳስተምር እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣልኝን ተማሪ “ድገም” ነበር የምለው።

ረቡዕ

መለኪያውን ጠረጠርሁ። እህቷ ይርገዱ ከደልጊ ከመጣች ወዲህ ፋሻ የምትቀይረው እሷ ናት (የእኔ እጅ ይከብዳል አሉ)። መለኪያውን ተቀብያት ዶክተሯ በሰጠችኝ፣ አሲድነታቸው በታወቀ ሁለት የማመሳከሪያ ፈሳሾች ፈተንሁት። ሁለቱንም በትክክል አነበበ። ተመልሶ ሲለጠፍ ያው፣ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ።

የአስካለ ግንባር ይሞቃል። “ፀሐዩ ነው” ትላለች።

ሐሙስ

ጉንዳን። አንሶላ ሳስተካክል አየሁት፤ በአልጋው እግር ሽቅብ ቀጭን ሰልፍ፣ ሁሉም ወደ ፋሻው። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁ። ማር።

ይርገዱ አላፈረችም። “የደልጊ ማር ነው ጋሼ፣ ስኳር ያልተቀላቀለበት። ቁጥሩስ ወርዶላት የለ?”

ማር ራሱ አሲድ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ መለኪያው የለካው ማሩን ነው። ከሥሩ ያለውን ቁስል ያየልን የለም።

አስካለ እጄን ያዘች። “ለዶክተሯ እንዳትነግራት።”

“ትኩሳት አለሽ እኮ።”

“ከነገርሃት ይቆርጡኛል። መምህር፣ ዕድሜህን ሙሉ ለማንም ነጥብ ጨምረህ አታውቅም። ለእኔ ብትለቅ ምን አለበት?”

በረንዳ ወጥቼ ደወልሁ። “አሁኑኑ ያምጧት፣ ዓርብን አይጠብቁ” አለችኝ ዶክተር ሜሮን። ባጃጁ በሐይቁ ዳር ሲያልፍ አስካለ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች።

ዓርብ

ማሩ ታጥቦ ሲለካ ስምንት ነጥብ አንድ። ከሥሩ መግል ቋጥሮ ነበር። ይርገዱ ስታለቅስ ዶክተሯ፣ “ማር እኛም እናደርጋለን እትዬ፤ ግን ተነጋግረን” አለቻት።

ከፍተው መግሉን አወጡት። ትንሿ ጣት አልተረፈችም። እግሯ ለጊዜው አለ። “ለጊዜው” ያለው ቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ቃሉን ደግሜ ጠየቅሁት፣ ደገመልኝ።

ቅዳሜ

አስካለ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላናገረችኝም። ከይርገዱ እጅ ሾርባ ትቀበላለች፤ እኔ ውኃ ባቀርብ ብርጭቆውን በእጇ ትገፋለች።

ትኩሳቱ ትንሽ ቀንሷል። አዲስ መለኪያ ተለጥፎላታል። ስልኩን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣

“ስንት ይላል?” አለች።

“ሰባት ነጥብ ስድስት።”

“ቀንሰህልኝ ነው?”

“አልቀነስሁም።”

“አውቃለሁ” አለች። “መች ትችልበታለህ።”

ከዚያ ብርድ ልብሱን ራሷ ከእግሯ ላይ ገለጠችልኝ።