ነብሩን ያስገደልሁ እኔ ነኝ

ጥቅምት ፲፬፣ ጧት ፩ ሰ.
ዘጠኝ። ትናንት ድኩላዎቹ ዐሥር ነበሩ። ነብሩ አንዲት እናት ድኩላ ገድሎ ዋንዛው ላይ ሰቅሏታል። ጡቷ ወተት እንደ ቋጠረ ነው። የጣልያን ወታደሮች የዳርቻውን ዱር ለመንገድና ለካምፕ መንጥረው፣ ድኩላውን በጠመንጃ ከጨረሱት ወዲህ የቀሩት የእኛ ቤ/ክ ደን ውስጥ የተጠጉት ብቻ ናቸው። ቅኔ አስተምራለሁ፤ ደኑንም እንድጠብቅ ደብሩ የሾመው እኔን ነው። በምን ልጠብቅ? ጠመንጃችንን ጣልያን ገፎናል።

ጥቅምት ፳
ደብተሬ፣ አንቺ ብቻ ስሚ። ባሕር ዳር ሄድሁ። ጣልያኖች ፊት አልቆምም ብዬ የማልሁት እኔ፣ ካምፓቸው በር ላይ እጅ ነሥቼ ቆምሁ። ነብር አለ፣ ግደሉልኝ አልሁ። አስተርጓሚው ሲነግረው የካምፑን ሻምበል ደስ አለው። ቆዳውን ለሚስቱ ይልካል አሉ።
ባሕሩን ያሻገሩኝ ሼህ ይማም ናቸው፤ ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩት ጎረቤታችን። ስንመለስ፣ «መሪጌታ፣ ነብሩን ካስገደሉ ዝንጀሮውን ማን ሊያግድልዎ ነው?» አሉኝ። እርስዎ ዓሣዎን ያጥምዱ ብዬ አፋቸውን ዘጋሁ።

ጥቅምት ፳፯
ለካ ነብሮቹ ሁለት ኖረዋል፤ ወንዱንም ሴቷንም ገደሏቸው። ከሆዷ ሁለት ደቦል ወጣ። ደስ አለኝ። አልደብቅሽም፣ ተመስገን አልሁ።

ታኅሣሥ ፫፣ ከቀትር በኋላ
ዝንጀሮ። ድሮ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወደ ገደሉ ይሮጥ ነበር። አሁን ደኑ ውስጥ ያድራል። ዛሬ አንድ አውራ ዝንጀሮ ግልገል ድኩላ ይዞ፣ ነፍሷ ሳይወጣ ከሆዷ ጀምሮ ሲበላት አገኘሁት። እናቲቱ መሬቱን እየደበደበች ትጮኻለች። በድንጋይ መታሁት። ቀና ብሎ አየኝና መብላቱን ቀጠለ።


ጥር ፱
በዚህ በጋ ሦስት ግልገል ተወልዶ አንድም አልተረፈ። ከትልልቆቹ አንዱ ሞቷል። ስምንት።
ሼህ ይማም ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ነግሬዎ ነበር አላሉኝም፤ ይህ ባሰብኝ። ደንገላቸውን እያሰሩ፣ «ነብር የሚበላውን ቆጠሩ፤ የሚያስፈራውን ማን ቆጠረልዎ?» አሉ።
እውነት። ነብሩ አልፎ አልፎ አንድ ይወስዳል፤ የቀሩት ይወልዳሉ። ዝንጀሮውም እርሱን ፈርቶ ደኑን አይደፍርም ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ የከተትኋቸው እኔ።

የካቲት ፭
የነብር ዱካ፣ ባሕሩ ዳር ጭቃ ላይ። ከየት እንደመጣ እንጃ። ራቅ ብሎ የዝንጀሮ ሬሳ። ሌሎቹ ገደሉ ላይ ሆነው ይንጫጫሉ። ብቻዬን ሳቅሁ።

የካቲት ፲፩
ድኩላ በላ። ያውም እርጉዟን። ሰባት።

የካቲት ፲፪፣ ጧት ፫ ሰ.
አስተርጓሚው መጣ። ሻምበሉ ሌላ ቆዳ ይፈልጋል። ደጀ ሰላሙ ላይ፣ በሕዝቡ ፊት፣ ነብር አለ ወይ አለኝ። የለም አልሁ። ዋሽተህ ብትገኝ ግርፋት አለብህ ብሎ ሄደ።
ሰው ሁሉ ዱካውን አይቷል፤ ማንም አልተነፈሰ። ከሦስት ቀን በፊት ነብሩ ፍየሏን የበላባት መበለት ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። እርሷም አላጋለጠችኝም።
ቆርጫለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ፣ ጣልያንን ወደ ደኑ የጠራሁ እኔ ነኝ እላለሁ። ሹመቴን ቢነሡኝ ይንሡኝ። ለመበለቷ ያለችኝን ፍየል እሰጣለሁ። ነብሩ መኖሩን ማንም ለጣልያን እንዳያወጣ እለምናለሁ። ወድጄው አይደለም። ዛሬም እጠላዋለሁ።
ይኑር።