መቋሚያዬን ይላኩልኝ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት ተሻለዎት? የቁሐር ሚካኤል ውኃ ሸሽቶ ሩዙ ለአጨዳ ደረሰ ወይ? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እጄም አፌም ደኅና ናቸው። ንዴቴ ደግሞ ከሁሉም በርትቷል።

አምና ከገለባ ጭነት ላይ ከወደቅሁ ወዲህ እዚህ ወረታ፣ በዚች የኪራይ ቤት አልጋ ላይ ነኝ። ሊጠይቁኝ ሲመጡ ቆመው መንገዱን ያዩበት የነበረውን መስኮት ያስታውሱታል። ከፍ ያለ ስለሆነ ለእኔ የሚታየኝ ሰማዩ ብቻ ነው። የባጃጁን ጩኸት እሰማለሁ እንጂ ባጃጁን አላየውም።

እናቴን ይቆጡልኝ። እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ባለሙያ፣ መሲ፣ ደጋግማ ነግራታለች። ሕብለ ሰረሰሬ ተጎዳ እንጂ ጨርሶ አልተበጠሰም። የርብ ወንዝ የድሮ መውረጃው ሲደፈን በሌላ በኩል ሰብሮ እንደሚሄድ ሁሉ፣ አንጎሌም ወደ እግሬ የሚወርድበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚያገኘው ግን እኔው ስታገል ነው። እናቴ ላቤ ጠብ ሲል ካየች አንጀቷ አይችልም፤ ልጄን ገደላችሁት ብላ በብብቴ ሥር ገብታ ታነሣኛለች። ጎረቤቱም ሮጦ ይደርስላታል። መሲ ቢቸግራት፣ እናንተ ስታነሡት የሚጠነክረው የእናንተው ክንድ ነው አለቻቸው። እናቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? ይጠንክርልን!

ከእርስዎ ግን ይህን አልጠበቅሁም። ለኅዳር ሚካኤል በቃሬዛ የሚያመጡኝ ሰዎች ሊልኩ ነው አሉ። አባቴ፣ በሰው ትከሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ማን እንደሆነ እርስዎ ካህኑ ያውቁታል። ይባስ ብሎ መቋሚያዬን ለዲያቆን ሉቃስ ሰጥተውታል። ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ ብለው ይሆናል። እኔን ግን አንገቴን አስደፋኝ፤ ከእንግዲህ ማኅሌት አይቆምም ብለው ቆርጠዋል ማለት ነው። ከሌላ ሰው ቢሆን እችለው ነበር።

ቃሬዛው ይቅር። መቋሚያዬን ከሉቃስ ተቀብለው ይላኩልኝ።

ጽሕፈቴ ከተንጋደደብዎ አይቀየሙኝ፤ እናቴ ከገበያ ሳትመለስ ልጨርስ ብዬ ነው። ወረቀቱን ያስደገፍሁት መስኮቱ ደፍ ላይ ነው። አሁን አንድ ገለባ የጫነ መኪና በደጅ አለፈ፤ አጫጫናቸው ዛሬም አላማረኝም። ደግሞ የሚንቀጠቀጠው እጄ አይደለም፤ እግሬ ነው።

ቅዱስ ሚካኤል ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ በጸሎትዎ አይርሱኝ።

የሚወድዎትና የተቀየመዎት ልጅዎ