ለድስቴ ግነት ዜሮ ለሰጡት መምህር

ለተከበሩ መምህር ይገረም፣
የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፤

ቀይ እስክሪብቶዎ እንደማይነጥፍ ሁሉ ጤናዎም አይንጠፍብዎ እያልኩ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ከተክለ ሃይማኖት ወረድ ብሎ፣ መርካቶ ውስጥ ድስት የምሸጠው የተማሪዎ የፀደንያ እናት ነኝ።

አንደኛ፣ በፈተናዎ «ለግነት ምሳሌ ስጡ» ብለው ሲያዙ፣ ልጄ እኔ ለደንበኛ የምለውን «ይህ ድስት የልጅ ልጅሽን ይድራል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ብትጽፍ፣ «ይህ ግነት ሳይሆን ውሸት ነው» ብለው ዜሮ ስለሰጧት ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስነግድ የኖርኩ መስሎኝ ነበር፤ ስዋሽ መኖሬን ያወቅሁት በእርስዎ ነው።

ሁለተኛ፣ በወላጆች ቀን ልታነበው የነበረውን፣ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን የገበያ ታሪኳን «የትእምርተ ጥቅሱ ብዛት ዓይን ያደክማል» ብለው ከመርሐ ግብሩ ስላወጡት ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ቢሮዎ መጥቼ ሻጩም፣ ገዢውም፣ ተሸካሚውም ስለሚናገር ነው ብልዎት፣ «ጥቂቶቹን ዝም ያሰኟቸው» አሉኝ። ሞከርኩ፤ መርካቶ እሺ አላለኝም። ከድስቶቹ ኋላ ተቀምጣ የምታለቅሰውን ልጄንም ዝም ማሰኘት አቃተኝ።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም። ቅዳሜ ዕለት እግርዎ ከሱቄ ጣለዎት። እኔና ልጄ ከድስት ክምር ጀርባ ነበርንና አላዩንም፤ ያስተናገድዎት ጎረቤቴ ጠሀ ነው። ዋጋ ሲጠራልዎ «በዚህማ ቤቴን ሸጬ ነው የምገዛው!» አሉ። ፀደንያ ብቅ ብላ «መምህር፣ ይሄ ግነት ነው ውሸት?» ስትልዎት፣ ከጠሀ እጅ ያመለጠው ክዳን አውቶቡስ ተራ ድረስ ተሰማ። መጀመሪያ ፊትዎ ቀላ፤ ከዚያ ዕንባዎ እስኪወርድ ሳቁና «ግነት ነው፤ አንቺም ልክ ነበርሽ» አሏት።

ሰኞ ነጥቧ ተመለሰላት፤ ታሪኳም ከነጥቅሱ መርሐ ግብሩ ውስጥ ገባ። በወላጆች ቀን ስታነብ አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት እርስዎ ነበሩ። እኔ እንግሊዝኛ ባልችልም፣ በልጄ አፍ የሚንጫጫውን ገበያዬን ለይቼው አለቀስኩ።

ሳይታረሙ ይህን ያህል ዘመን ለኖሩት ድስቶቼ ሁሉ ተወካይ በመሆን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።
ሙሉመቤት

ማስታወሻ፦ ጽፈው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ያሰቀሉትን አዲስ ማስታወቂያ አየሁት። «ጥራት ያለው» ትምህርት እንሰጣለን ይላል፤ ጥራቷ ብቻ በትእምርተ ጥቅስ ታስራለች። ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ እንዲህ የሚጻፈው ጸሐፊው በቃሉ ሲያላግጥ ነው። ስለ ግልጽነትዎ እግዜር ይስጥልኝ።