ታፔላው ተራራ የወጣበት ክረምት

ሰኔ 12

ዛሬ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ሙዝ ማሳዬ ላይ ወረደ። ደስታዬን ልደብቅ? ከማን ብዬ! የተፋሰስ ጥምረት ይባላል... መንግሥት፣ የሙዝ ኩባንያውና እኛ ሕዝቡ አንድ ላይ ወንዙን ልናድን ነው። እኔ የቀበሌያችን የላንቴ ተወካይ ነኝ። አስተባባሪው አቶ ሀብተሚካኤል ጨበጡኝና "ወይዘሮ አበቡ፣ ማሳዎ ሞዴል ተብሎ ተመርጧል" አሉ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ባሌ ካሱ ነው የነገረኝ፤ እሱ ደስታዬ ላይ ውሃ ካልቸለሰ ምሳ አይበላለትም። "ለአስፋልቱ ቅርብ ስለሆነ ነው። ጫማቸው እንዳይጨቀይ።"

ይሁን! ብቻ ወንዙን ይያዙልኝ። በሚያዝያ ጎርፍ አራት መደዳ ሙዝ ገምሶ ወሰደ። አሁን ከቤቴ ግድግዳ እስከ ወንዙ ገደል አስራ ሁለት እርምጃ ነው። የጥቅምቱ ዝናብም እንደዚያ ከመጣ... አልጽፈውም።

ሰኔ 21

ታፔላ ቆመልኝ። ከቤቴ በር ይሰፋል። ሦስት አርማና አንድ የወንዝ ሥዕል። በሥዕሉ ላይ ወንዙ ሰማያዊ ነው። የእኛው ክረምት ሲገባ እንደ በርበሬ ነው የሚቀላው። ብጠይቃቸው "ሥዕሉ ዕቅዱ ነው" አሉኝ አቶ ሀብተሚካኤል።

ሐምሌ 3

ችግኝ ተከልን! ኩባንያው ነው ያመጣው። ሜሮን የምትባል የኩባንያው ልጅ ፎቶ ስታነሳ "እናቴ፣ ትንሽ ፈገግ በይ" ትለኛለች። እኔን? ጥርሴ ከጠዋት ጀምሮ አልተከደነም! ሃምሳ ችግኝ በሩብ ሰዓት። ኮፍያም ሰጡኝ።

ሐምሌ 10

ዛሬ ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊተክል መጣ። የት ይትከል? ሞልቷል እኮ። አቶ ሀብተሚካኤል ቀድመው ደውለው ነበር። "ወይዘሮ አበቡ፣ የባለፈውን ነቅለው ጥላ ሥር ያቆዩልን። ጉድጓዱ እንዳለ ይሁን።" ነቀልኩ። እነሱ ተከሉ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። ሁለት ችግኝ ለአንድ ጉድጓድ... የቱን ልመልስ? ሁለተኛ ኮፍያ።

ሐምሌ 22

ሦስተኛ ዙር። ያው ሃምሳ ጉድጓድ። በሪፖርት መቶ ሃምሳ ሆነናል። ካሱ "በዚህ ከቀጠለ ጫካ ሆነን ዝንጀሮ ይወርሰናል" ይላል። ወጥቼ ብቆጥር በሕይወት ያለው አስራ ዘጠኝ ነው። ሌላው መነቀል ሰልችቶት ሞተ።

ነሐሴ 1

ስብሰባ አርባ ምንጭ፣ ሆቴል። አጠገቤ ጋሽ ዳልጮ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀመጡ፤ ከዶርዜ በላይ፣ ወንዙ ከሚነሳበት ቀበሌ ነው የመጡት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ወንዙ ሲወራ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ግን አምስቴ ተናገርኩ። ሻይ ላይ "እናንተ ጋ ስንት ተተከለ?" አልኳቸው።

"ምንም።"

"አፈር የሚይዘው ደሾ ሳሩስ?"

ሳቁ። "ደሾው የእኛ ነው። ከእኛ ይወስዱና ለእናንተ ይተክላሉ። ውሃው የሚነሳው ከእኛ፣ መኪናው የሚቆመው እናንተ ጋ!"

ሻዬን ሳልጨርስ ተውኩት።

ነሐሴ 5

ጋሽ ዳልጮ ጋ ወጣሁ። ትንፋሼ ቆመ፤ ከዳገቱ ይሁን ከድንጋጤው እንጃ። ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ቤት ይውጣል። የገብስ ማሳቸው ግማሹ ሄዷል። ያ ሁሉ አፈርና ውሃ ተንደርድሮ ሲወርድ የእኔ አስራ ዘጠኝ ችግኝ ምን ሊያደርገው ነው? ቤቴ ሊሄድብኝ እኔ ኮፍያ ስሰበስብ ከረምኩ... ሞኝ!

ነሐሴ 13

ነገ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ታፔላውን ነቀልነው። ወደ ተራራ ባዶውን በሚመለስ አይሱዙ ላይ ስንጭን ሾፌሩ "ምንድነው ይሄ?" አለ። "ወንዝ" አልኩት። ካሱ "አንቺ ሴትዮ፣ ታሰሪያለሽ" ይላል። መቆፈሪያውን የያዘው ግን እሱ ነው።

ነሐሴ 14

የአቶ ሀብተሚካኤል ፊት!

"ታፔላውስ?"

"ወደ ላይ ሄዷል።"

"ያለ ታፔላ ፎቶ አይነሳም እኮ፣ ወይዘሮ አበቡ!"

"እንግዲያው ታፔላው ያለበት እንሂድ።"

እንግዶቹ መኪና ውስጥ ይጠብቃሉ፤ ምን ያድርጉ? ወጣን። የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት በእግር። ሜሮን ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ቦረቦሩ አፍ ላይ ስንደርስ ከእንግዶቹ አንዱ "ይሄ... በሪፖርቱ ላይ አለ?" አለ።

ጋሽ ዳልጮ ታፔላውን ያቆሙት ዱቡሻቸው ዳር ነው፣ ሽማግሌዎቹ የሚመክሩበት ሜዳ። እዚያ ላይ ቃል ሰጥቶ ማፍረስ አያድርስ ነው፤ ለሰውም ለከብትም አይበጅም ይላሉ። እኔ ጴንጤ ነኝ... ግን እኔም እዚያ ቆሜ አልቀጥፍም። አቶ ሀብተሚካኤል እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው "በቀጣይ አምስት መቶ ሺህ ችግኝ—" ሲሉ ጋሽ ዳልጮ እጃቸውን አነሱ።

"እዚህ የተባለ ይደረጋል። አስበው ይናገሩ።"

አቶ ሀብተሚካኤል ሰማዩን አዩ። ቦረቦሩን አዩ። "ሁለት ሺህ" አሉ በቀጭን ድምፅ።

"መቼ?"

"በዚህ... በዚህ ወር።"

ሜሮንም "ለድንጋይ ክትር ሽቦ እናመጣለን" አለች።

"መኪና አይደርስም። ማን ይሸከማል?"

"እኛ" አለች፣ ባዶ እግሯን እያየች።

ሆዴን ይዤ ስስቅ ጋሽ ዳልጮ ወደ እኔ ዞሩ። "ላንቴስ? እኛ አፈሩን ስንይዝ እናንተ ሙዝ እስከ ውሃው አፍ ትተክላላችሁ። ዳሩን የሚይዘው ምንድነው?"

ሳቄ ደረቀ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። "ሁለት መደዳ እቆርጣለሁ። በደሾ እተካለሁ" አልኩ። ካሱን ሳልጠይቅ።

ነሐሴ 17

ቆረጥነው። ዘለላው ገና አልደረሰም ነበር። አለቀስኩ። ካሱ "ማን ተናገሪ አለሽ?" እያለ ከእኔ ቀድሞ ይቆርጣል። ደሾውን እስከ ማታ ተከልን።

መስከረም 9

አቶ ሀብተሚካኤል በየሳምንቱ ተራራ ይወጣሉ አሉ። ቦርጫቸው ጎደለ። ሁለት ሺሁን ችግኝ አንድ በአንድ ጋሽ ዳልጮ ፊት ቆጠሩ፤ ሰባት ጎድሎ በማግስቱ ሰባቱን ተሸክመው ተመለሱ! ሜሮን ደወለች። "እናቴ፣ ክትሩ አለቀ። ትከሻዬም አለቀ።"

ጥቅምት 11

ሦስት ቀን ዘነበ። ዛሬ ረፋድ ላይ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ዕቃችንን አውጥተን አስፋልቱ ዳር ቆምን። ውሃው ሳሩ ላይ ወጣ... ቆየ... ሳሩ ተኛ፣ ሥሩ ግን አልለቀቀም። ከሰዓት ውሃው ተመለሰ። ገደሉ አልተናደም። አንዲት ሙዝ አልሄደችም! ለአቶ ሀብተሚካኤል እየጮህኩ ደወልኩ። እንግዳ ላምጣ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ "ላዩስ? ክትሩ ያዘ?" አሉ።

ጥቅምት 14

ጋሽ ዳልጮ ወረዱ። ውሃቸው የት እንደሚደርስ በወሬ እንጂ አይተው አያውቁም ነበር። ሳሩ ላይ የቀረውን ጭቃ ዘግነው አሸተቱ።

"ይሄ የእኔ ነው። የገብሱ ማሳ።"

"ጆንያ ላምጣ፣ ጋሼ? ይውሰዱት!"

ሳቁ። በሚያዝያ ጭቃው ጉልበቴ ድረስ ነበር። አሁን ቁርጭምጭሚቴን አልሸፈነም። እጃቸውን ሳሩ ላይ አራገፉና ቀና አሉ።

"በደንብ ተጠቀሚበት፣ አበቡ። ከእንግዲህ ከእኔ አፈር አትጠብቂ።"