ስለ ሣር ማጨጃውና ስለ ባልሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ቀን እየጠበቀ ይመላለሳል? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? አክስትሽ ደረጃ መውጣቱ እንዴት ሆነላት? እኔ ደኅና ነኝ፤ ዓይኔ ደከም ከማለቱ በቀር የሚያሳስብ ነገር የለኝም። ይህን ደብዳቤ ጽፌ ለመጨረስ ሁለት ቀን የፈጀብኝ ግን ከዓይኔ የተነሣ ሳይሆን ከኀፍረት የተነሣ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽም አፌ እምቢ አለኝ።

ባለፈው ደብዳቤዬ ምን እንዳልኩሽ አትረሺውም። ባልሽ አንቺ ጋ የሚመጣበት ወረቀት እስኪያልቅ ብሎ እኔ ዘንድ ከገባ ወዲህ የሣር ማጨጃው ማሽን መታመም መጀመሩን፣ የጀሪካኑም ቤንዚን ያለ ሥራ እየቀነሰ መሆኑን ጽፌ፣ "ይህ ሰው የሚደብቀን ነገር አለ፤ ተጠንቀቂ" ብዬሽ ነበር። አንቺ ለእሱ ምን እንደጻፍሽለት አላውቅም። ብቻ ደብዳቤሽን ካነበበ ጀምሮ ከማዕድ ቶሎ ይነሣል፤ ባናግረውም መልሱ "እሺ አባባ" ብቻ ሆነ። ንጹሕ ሰው ይናገራል ብዬ ዝምታውንም ከጥፋት ቆጠርኩበት።

እንደምታውቂኝ ያልተጣራ ነገር አልወድም። ደብተር አውጥቼ ቀን እየጻፍኩ መመርመር ጀመርኩ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የምነካው፤ ሁለት ነገር ባንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን አሮጌውን ቤንዚን ደፍቼ አዲስ ሞላሁ፤ ማሽኑ ዝም። በሁለተኛው የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ አጥቤ አደረቅሁ፤ አሁንም ዝም። በሦስተኛው የሞተሩን እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ብፈታው እንደ ጥቀርሻ ጠቁሯል። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ መለስኩትና ገመዱን ሁለት ጊዜ ስስበው አገሳ። በዚህ ደስ ብሎኝ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን "ካንዴላው ለምን ጠቆረ?" አልኩ። ማሽኑ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ መሆኑን ትቼ፣ ቤንዚኑ ውስጥ አንድ ሰው የሆነ ነገር ጨምሮበታል ብዬ ደመደምኩ። በዚህ ቤት አንድ ሰው ማለት ባልሽ ነው።

ስለዚህ በመምህርነቴ ዘመን የፈተና ፖስታ እናሽግ እንደነበረው ማሽኑን አሸግሁት። እሳትና ቤንዚን ስለማይተማመኑ ሰሙን ወጥ ቤት አቅልጬ በማንኪያ አመጣሁና የማሽኑን የቤንዚን መያዣ ክዳን ከላይም ከዙሪያውም አለበስኩት፤ ሳይደርቅም በምስማር ፈረምኩበት። ጀሪካኑን መኝታ ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ በደንብ ይነሣል፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያጭዳል፣ ከዚያ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ካረፈ እንደገና ይነሣል፤ ደግሞ በአሥራ ሁለት ደቂቃው ጸጥ። ስድስት ጊዜ መዘገብኩ። አምስቱን ጊዜ ባልሽ ግቢ ውስጥ ነበር። በስድስተኛው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር፤ እሱን "ሆን ብሎ ወጣ" ብዬ ጻፍኩበት። ማኅተሜ አልተነካም። ሰም ሳይነካ ማሽን የሚያበላሽ ምን ዓይነት መሠሪ ነው ብዬ ይብስ ፈራሁት። ቤንዚኑም እንደተቆለፈበት ቀነሰ! እዚያው የተሰቀለው ኮቴ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። እኔ "ቁልፍ አስቀርጿል፤ የሌባ ዓይነ ደረቅ!" አልኩ እንጂ የጀሪካኑ ክዳን ጎማ ተሰንጥቆ እየተነነ መሆኑን አላየሁም። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከረምኩ።

በመጨረሻ መካኒኩን አስጠራሁ። ሞተር ሳይፈታ በማዳመጥ ብቻ በሽታውን ስለሚያውቅ "ጆሮው" ይሉታል። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማርኩት ነው፤ ዛሬ እሱም ሸብቷል። አስነሥቶ አዳመጠ። ሲጠፋ ሰሙን በጥፍሩ ፍቆ አነሣና ክዳኑን ሲያላላው አየር ፉጭ ብሎ ገባ።

"ቲቸር፣ ይቺን የክዳኑን ቀዳዳ ማነው የደፈናት?" አለኝ። "ቤንዚኑ'ኮ አየር ካልተተካለት አይወርድም! እርስዎ አይደሉ እንዴ በወተት ቆርቆሮ ያሳዩን? በአንድ ቀዳዳ ጠብ ጠብ፣ በሁለት ቀዳዳ ዥው! የቱ ደንቆሮ ነው ይሄን ያረገው?"

ልጄ፣ ያንን ቆርቆሮ ሠላሳ አራት ዓመት በምስማር እየበሳሁ አስተምሬበታለሁ። ያን ጊዜ ባልሽ ከኋላዬ "እኔ ነኝ። ዝናብ እንዳይገባበት ብዬ ነው" አለ። መካኒኩም "አይ አንተ! ቲቸር ቤት እየኖርክ እንዲህ ትሆናለህ?" ብሎ አላገጠበት። ባልሽ አብሮት ሳቀ። ፊርማዬ ያለበትን ቁራጭ ሰም ከመሬት አንሥቶ ኪሱ ሲከተው አየሁት። እኔ ዝም አልኩ።

መካኒኩ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ያዘኝ። ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ውለታ ሊያስቆጥርብኝ ነው? ሰሙንስ የያዘው ሊያስፈራራኝ ይሆን? ሦስት ቀን ጠበቅሁት፤ ምንም አልጠየቀኝም። ትናንት ምሳ ላይ አላስችል ቢለኝ "ለምን ዋሸህ?" አልኩት።

"አባባ፣ ተማሪዎ ፊት ነው'ኮ" አለኝ። ቀጥሎም፣ "ለእሷም ጽፌላታለሁ። ማሽኑን ያበላሸሁትም፣ ቤንዚኑን የወሰድኩትም እኔ ነኝ ብያታለሁ። በእኔ ምክንያት አባትና ልጅ አትቀያየሙም። በወሩ መጨረሻ ወንድሜ ጋ እገባለሁ" አለ።

እንግዲህ የእሱ ደብዳቤ ቀድሞ ደርሶሽ ከሆነ አትመኚው። ይህን ሁሉ ጊዜ ውሸቱን ስፈልግ ኖሬ በማስረጃ የያዝኩበት ይህንን ብቻ ነው፤ ይህንንም የዋሸው ለእኔ ብሎ ነው። ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ባለፈው የጻፍኩልሽም ሐሰት ነው፤ ሰርዤዋለሁ። ነገ ጠዋት ጋራዡ ድረስ ሄጄ ለመካኒኩም ደንቆሮው እኔ መሆኔን እነግረዋለሁ። ይህን የሚያደርስልሽ ሰው ሰኞ እዚያ ይገባል። እንዳነበብሽው ደውዪ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ።

አሁንም ቢሆን ሻዬ ላይ ስኳር የሚያበዛብኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እሱን ግን ሳላጣራ አልጽፍም።

አክስትሽን፣ ጉልበቷን በሞቀ ጨርቅ ትያዘው፣ ናፍቀሽኛል ብሏል በያት። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሥራ ስትውዪ የምትይዝልሽን ጎረቤትሽንም አመስግኚልኝ። ባልሽም ሰላም ይልሻል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ብጠይቀው "ከእኔ ሰላምታ ትቀበል እንደሆነ እንጃ" አለኝ። ስለዚህ የእሱን ሰላምታ ሳልጽፍ ትቼዋለሁ፤ ራስሽ ጠይቂው።

የሚወድሽ አባትሽ

ከቤትሽ፣ ከኋላው በረንዳ
ነሐሴ ፲፬ ቀን