አስፋልቱ ላይ የወረዱት ወፎች

ሰኞ
የምታለቅስ ሴት መስላኝ ነበር። እንደ ወትሮው ሳይነጋ መጥቼ የሱቁን ጓሮ ውሃ ረጭቼ ገብቼ፣ በርበሬ እየመዘንኩ ነው የሰማሁት። ረጅም፣ የሚወርድ ጩኸት። ሚዛኑን ትቼ ወጣሁ። የጓሮው ፓርኪንግ መሃል ወፍ ተኝቷል። ከዳክዬ ይበልጣል፤ ጀርባው እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ ቀይ። አይሸሽም። በደረቱ ይንፏቀቃል።

ደክሞት ነው ብዬ ዳቦና ውሃ አስቀመጥኩለት። አልነካውም። ከሰዓት ሳየው ሞቷል።

ማክሰኞ
ዛሬ ሁለት ወረዱ። አንዱ አንገቱ ተሰብሯል። ሌላው እዚያው ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ጎረቤቴ ጋሽ ታምራት ፀጉር ቤታቸውን ሳይከፍቱ መጡ። ቀዩን ዓይን አይተው ወደ ኋላ አሉ።
«አንቺ ልጅ፣ ማንን አስቀይመሽ ነው?»
ከአከራያችን በቀር ማንንም አልኳቸው። አልሳቁም። ሱቁን ጸበል አስረጪ ብለው መከሩኝ። በቀን በቀን ውሃ እየረጨሁ ምን ጎደለኝ ብዬ መለስኩላቸው።

ሲሄዱ ግን ብቻዬን መቅረቴን አልወደድኩትም። ወፉን በፎጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ አስገባሁት። ሁለቱ ሞተውብኛል። ይሄኛው እጄ ላይ እንዲሞት አልፈልግም።

ረቡዕ
ልጄ ሊድያ ፎቶውን በስልኳ ቼክ አደረገች። ስሙ ሉን ነው። ክረምቱን ባሕር ላይ ያሳልፋል፤ አሁን እንቁላል ሊጥል ይህን በረሃ አቋርጦ ወደ ሰሜን ሐይቆች መሄጃው ነው። እግሩ የተሠራው ለዋና ነው። ከመሬት መነሳት አይችልም፤ ለመብረር ውሃ ላይ ረጅም መሮጥ አለበት።

እዚህ ምን አወረደው አልኳት። የኋላውን ደረጃ ወጣችና ወደ ታች እያየች ጠራችኝ። ጓሮውን ገና ረጭቼው ነበር። ባለፈው ሳምንት ጥቁር የተቀባው አስፋልት ውስጥ ሰማዩ ወርዷል። የመብራት ምሰሶዎቹ ተገልብጠው ቆመዋል። ጫፍ የለውም።
«እማ፣ ሌክ መስሎት ነው፤ ሐይቅ።»

አገር ቤት፣ ደሴ ስነግድ ደጅ ሳይረጭ ሱቅ አይከፈትም ነበር። አቧራ ላይ ነበር የምረጨው። እዚህ አቧራ በሌለበት እረጫለሁ። የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሊድያ ለወፍ ተንከባካቢዎች ደወለች። ዳቦ አትስጡ፤ ምንቃሩ ዓይን ይወጋልና ተጠንቀቁ፤ ክንፉን እንየውና ቁስል ከሌለው ትልቅ ውሃ ላይ ይለቀቃል አሉ። ወሰድንላቸው። ክንፉ ደህና ነው። ግን ደክሟል፤ ነገ ጠዋት ሞክሩት አሉን።

ሐሙስ
ሱቁን ዘጋሁ። ጋሽ ታምራት እንዲያ ፈርተው እንዳልነበር፣ ካርቶኑን እኔ እይዛለሁ ብለው መኪናዬ ውስጥ ገቡ። ከከተማችን ከሄንደርሰን ስንወጣ ወፉ ጭናቸው ላይ ጮኸ። አማተቡ እንጂ አልለቀቁትም።

ትልቁ ሐይቅ፣ ሌክ ሚድ ዳር ሰው የለም፤ ነፋስም የለም። ሊድያ ጉልበቷ ድረስ ገብታ ለቀቀችው። ለጥቂት ጊዜ ወደ አንድ ጎኑ አዘንብሎ ተንሳፈፈ። ከዚያ ሰጠመ። ውሃው እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

መቁጠር ጀመርኩ። መቶ አለፈ። ሁለት መቶ። ጋሽ ታምራት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሦስት መቶ ልደርስ ስል ያ ለቅሶ ከሩቅ፣ ከድንጋዮቹ ወዲያ መጣ። ከሌላ ወገን ሌላ ድምፅ መለሰለት።

ሊድያ «የኛው ነው?» አለችኝ።
አላውቅም። ጋሽ ታምራት ግን ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ።